ብርጭቆ የገባበት እግር

ሥራ ጨርሼ ቱታዬን ሳወልቅ ስልኬ ጠራ። የቡታጅራው ጎረቤታችን ሼህ ሙዘሚል ነበሩ። የእሳቸው ሰላምታ ሁልጊዜ ረጅም ነው፤ ከእኔ ጤና ይነሳና የዚህን አገር ብርድ ጠይቆ ነው የሚያበቃው። ያን ቀን ግን አሳጠሩት። "ደሳለኝ ዛሬ የመስቀሉን እንጨት ፈለጠ፤ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ። ቱታው ካንድ እጄ ሳይወልቅ አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ አልኩ።

የአገሬ ልጆች ነገሩ ይገባችኋል። ለሌላው ግን ልንገር፤ በእኛ ሰፈር መስቀል ሲቃረብ እንጨት የሚፈልጥ ወንድ ያለበት ቤት ቆሟል ይባላል። ወንድሜ ደሳለኝ ደግሞ ለቤታችን ብቻ ሳይሆን ባል ለሞተባቸውም ይፈልጥ ነበር። ባጃጅ ከተገለበጠበት ወዲህ ግን ቅልጥሙ ውስጥ መግል ቋጥሮ፣ ቁስሉ ሲዘጋ ሲከፈት፣ መጥረቢያው በር ጥግ ዝጎ ቀረ። ገና ሳይጎዳ፣ ከቡታጅራ የወጣሁ ዕለት ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ የሮጠው በዚያችው እግሩ ነው። ባዶ እጄን ሆኜ እንኳ አልደረስኩበትም።

ፊንላንድ እንደገባሁ ሥራ የምታገናኘው ሴትዮ አገርሽ ምን ትሠሪ ነበር ብትለኝ፣ በርበሬና ቆጮ እነፋ ነበር አልኳት። መንፋት ሙያ ነው ወይ ብላ አስተርጓሚውን አየችው። ሆነልኝ። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ የምነፋው ብርጭቆ ነው። የመጠጫው ዓይነት አይደለም፤ ቀልጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ተፈጭቶ እንደ ስኳር ይደቅና የታመመ አጥንት ጉድጓድ ይሞላበታል። እዚያ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ጀርሙን ያዳክማል፣ አጥንትም ቦታውን እየተካ ይበቅላል። እኔ በስመ አብ ሳልል ወንፊቱን አልነካም። አለቃዬ ማሽኑ ጆሮ የለውም ትለኛለች። እኔም ለማሽኑ አይደለም እላታለሁ።

እንግዲህ የአዲስ አበባው ሐኪም ለደሳለኝ ሁለት መንገድ ነገረው። ወይ አጥንቱ ተጠርጎ ይኸው ብርጭቆ ይሞላበታል፣ ወይ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ይቆረጣል። እማዬ ይህን ሰምታ ደወለችልኝ።

"አንቺ ልጅ፣ እናንተ ስትሮጡ የገባባችሁን ስባሪ በመርፌ ሳወጣ ዓይኔ ጠፋ። አሁን በገዛ እጄ ላስገባበት?"

"ያ ስባሪ ነው እማዬ። ይሄኛው ይሟሟል።"

"ሲሟሟ አይተሻል?"

አላየሁም። እናቴን ልዋሻት ደግሞ አልችልም።

"ጉድጓድ የገባ ቆጮስ ሲብላላ አንቺ አይተሻል?" አልኳት።

 "ሥላሴ ይሁኑበት" አለች። ፈቀደች ማለት ነው።

አጥንቱ ተጠርጎ ብርጭቆው ተሞላለት፤ ቁስሉም ተዘጋ። ጉዳችን የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይርገጥበት ብሎ ሳለ፣ ቤተሰቡ ብርጭቆው ይሰበራል ብሎ አስተኛው። እግሩን በጋቢ ጠቅልለው፣ ጠያቂ ሲመጣ አልጋው ጫፍ እንዳይቀመጥ ይከለክላሉ። ሼህ ሙዘሚል ከወልቂጤ ለመጡ ዘመዶቻችን፣ ይህ ልጅ ተሰባሪ ዕቃ ነው፣ ከላዩ አትጫኑበት ብለው ቀለዱ አሉ። እነሱም ሳቁ፣ ግን አልተቀመጡም። እሱ ራሱም እንደ ብርጭቆ መኖር ጀምሮ ነበር፤ ድምፁ ሁሉ ቀጠነብኝ።

እማዬ ጋ ደውዬ ደሳለኝን አቅርቡልኝ አልኩ። እግሩ የገባው ብርጭቆ ከእኔ ወንፊት ያለፈ ይሁን ከሌላ ሰው አላውቅም፤ ግን እንዲህ አልኩት፦ "ለመደርደሪያ ጌጥ አልነፋንልህም። ሐኪሙ እርገጥ ብሎሃል፤ ተነስና እርገጠው።"

እማዬ ከኋላው ስታለቅስ ይሰማኛል። እሱ ግን ተነሳ። መጀመሪያ በሁለት ምርኩዝ፣ ኋላ ባንድ፣ ኋላ ባዶ እጁን። ሐኪሙም ራጁን አይቶ፣ አጥንትህ ይዟል፣ ከባድ ሥራ መሥራት ትችላለህ አለው። ይኸው ዘንድሮ መጥረቢያውን አነሳ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ የነፋሁት ሁሉ በረከት ሆነ።

እኔ ባለሁበት አገር እንጨት ተፈልጦ፣ በላስቲክ ታስሮ ሱቅ ይሸጣል። የመጥረቢያ ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ። ያን ቀን ግቢያችን የነበራችሁ ታዲያ፣ መጀመሪያ የፈለጠውን ግንድ ታውቁታላችሁ። ደመራው ሳይለኮስ፣ የመስቀሉ ምድጃም ሳይበላው እባካችሁ ከእሱ አንድ ፍላጭ አስቀሩልኝ። ወደዚህ አትላኩት። እስክመጣ መጥረቢያው አጠገብ፣ በሩ ጥግ ይቆየኝ።