ናሆምን የጣልኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ወር እትዬ ብርሃኔ ትከሻቸውን ሊታከሙ እኔ ወደምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ መጡ። ክንዳቸውን ቀስ አድርጌ ሳነሳ፣ «ናሆም እኮ አሁንም ደረጃ ሲወርድ ያነክሳል» አሉኝ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። ክንዳቸውን መልሼ አወረድኩት።

ናሆም ልጃቸው ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ አብረን አደግን። እናቴ ደብል ሽፍት፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ፣ በምትሠራባቸው ቀናት እትዬ ብርሃኔ ፓስታ በምስር ወጥ ለሁለታችን በአንድ ሳህን ያቀርቡልን ነበር። ኮሌጅ ስንገባ እኔ ሳን ሆዜ ሄድኩ፤ እሱ ለሌላ ኮሌጅ ቡድን በተከላካይነት ተጫወተ። በአሜሪካ ፉትቦል ዋይድ ሪሲቨር ነበርኩ፤ ሥራዬ ሮጦ የተወረወረ ኳስ መቅለብ ነው። ኳሱ ለሌላ ሲሰጥ ግን ተከላካይ ገጭቶ መንገድ መክፈትም አለ። አሠልጣኙ «መግጨት ትፈራለህ» ብሎ ሁለት ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦኛል።

ኮረብታዎቹ ደርቀው ቢጫ በሆኑበት አንድ ቅዳሜ ከናሆም ቡድን ጋር ገጠምን። ከጨዋታው በፊት ስንተቃቀፍ ናሆም፣ «ኢዚ፣ ቀስ በል እሺ? ማሚ እያየች ነው» አለኝ እየሳቀ።

ከእረፍት በኋላ ናሆም ኳስ የያዘውን የቡድን ጓደኛዬን ሲያሳድድ ከጎን ደረስኩበት። ዘወር ብሎ አየኝ። ፍጥነቴን መቀነስ እችል ነበር። ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ ገባሁበት። የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ ሰማሁት። ዳኛው ፊሽካ እንኳ አልነፋብኝም። አሠልጣኙ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ከዚያ ወዲህ ተጠባባቂ ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ሆስፒታል ስሄድ እትዬ ብርሃኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«አይተኸው ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

«አላየሁትም» አልኳቸው። አቅፈው እኔኑ አጽናኑኝ።

ናሆም ዳግም አልተጫወተም። እኔንም ስመረቅ የፈለገኝ ፕሮፌሽናል ቡድን አልነበረም። ይህን ሙያ ለምን መረጥክ ሲሉኝ፣ «ስፖርት ስለምወድ» እላለሁ።

ያን ዕለት እትዬ ብርሃኔን ከሸኘሁ በኋላ ለናሆም ደወልኩለት። ከባድ መኪናው ውስጥ ሆኖ የኦክላንድ ወደብ በር ላይ ተራ እየጠበቀ ነበር።

«ያኔ አይቼህ ነበር» አልኩት።

 «አውቃለሁ ባክህ። ዓይን ለዓይን ተያየን እኮ።»

«ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ትወድህ ነበራ» አለኝ። ተራው ደርሶ ስልኩን ዘጋ።

ይቅርታ ልጠይቅ ደውዬ ቃሏን እንኳ ሳልናገር ቀረሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ውሸቴን ብቻዬን የተሸከምኩት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከተጎዳው ጉልበቱ ጋር እሱም ተሸክሞልኛል።

እትዬ ብርሃኔ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥተዋል። ሁልጊዜ፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ እገባለሁ። ትከሻቸው እየተሻላቸው ነው፤ የቀረን አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው።