ስለ አንድ ሸክላ አሥራ አራት አስተያየቶች

ልብስ ሰፊዋ በሆስፒታሉ የስፌት ክፍል ሠላሳ ስምንት ዓመት አንሶላ ስትጠርዝና የቀዶ ጥገና ካባ ስትሰፋ አንድም ቀን አላንጎራጎረችም። ባልደረቦቿ ዝምታዋን ከጸባይዋ ቆጥረውት ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ከታናሽ ወንድሟና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሸክላ ማስቀረጿን የሚያውቅ አልነበረም። ዘፈኖቹ ስለ ባዶ ቤትና ስለ ሙታን ነበሩ። ያኔ ለእንዲህ ያለው ሙዚቃ ስም እንኳ አልወጣለትም፤ ጎቲክ ሮክ የተባለው ኋላ ነው። አንድ ጋዜጣ «ዘፋኟ ጥርሷን ያለ ማደንዘዣ እየነቀሏት ነው የምትዘፍነው» ብሎ ጻፈ። የሰማ ሁሉ ሳቀ። እሷም ያን ቀን አፏን ዘጋች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እየጎተተ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ያመጣት ወንድሟ ነው፤ የያኔው ከበሮ መቺ፣ የዛሬው ፍሪጅ ጠጋኝ። እዚያ የሸክላ አድማጮች ማኅበር ይሰበሰባል። ደንባቸው ጥብቅ ነው። ሸክላው እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሲያልቅ እያንዳንዱ ስሙን ሳይጽፍ አስተያየቱን በቁራጭ ወረቀት ያሰፍራል፤ ሰብሳቢው ጮክ ብለው ያነባሉ። ከግማሽ በላይ «ይቀመጥ» ካለ ሸክላው መደርደሪያው ላይ ይቆያል፤ አለዚያ ይወገዳል። የዚያን ቀን ተራው የነሱ ሸክላ ነበር።

«ማን እንደሆንሽ አልነገርኳቸውም፣ እትዬ» አላት ወንድሟ በሹክሹክታ። «ሰምተሽ ትሄጃለሽ፤ በቃ።»

«ዛሬም ከሳቁ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ጋዜጣው እውነቱን ነበር ወይስ አልነበረም? ለመስማት የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ የፈራችውም ይህንኑ።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሸክላውን በሁለት መዳፋቸው ይዘው አስቀመጡና መርፌውን አሳረፉበት። ገና በመጀመሪያው ምት ወንድሟ ክው አለ። ከበሮው ይጎተታል። እሷም ወዲያው ገባት። ይህ ሸክላ ትልቅ ቢሆንም በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ እንዲዞር ነበር የተቀረጸው፤ ሰብሳቢው ግን እንደ ማንኛውም ትልቅ ሸክላ በሠላሳ ሦስት ለቀውታል። በሳቸው አይፈረድም። ለማሳተም ሲጣደፉ ፍጥነቱን ሽፋኑ ላይ መጻፍ የረሱት እነሱ ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ድምፁ ገባ። የሷ አልነበረም። ሸክላው ቀስ ብሎ ሲዞር ድምፁም ወርዶ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ ሆኖ ነበር። ወንድሟ እጁን ሊያነሳ ሲል አንጓውን ጨብጣ ያዘችው። ማንም አልሳቀም። ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ወጣት ጸጉሩ የቆመ ክንዷን ታሻሽ ነበር። ሁለቱ ገጾች እስኪያልቁ ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን እጅ አልለቀቀችም።

ከእህትና ወንድሙ በቀር ሁሉም ጻፈ፤ አሥራ አራት ወረቀቶች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ማንበብ ጀመሩ።

«"የዚህ ሰውዬ ድምፅ ከመቃብር ይጣራል። ይቀመጥልን።"»

«"ጊታሩ ያንቀላፋል። ሰውየው ባይኖር እኔም አብሬው አንቀላፋ ነበር። ይቀመጥ።"»

«"ሰውየው በሕይወት ይኖር ይሆን? ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።"»

አሥራ ሁለቱ ይቀመጥ አሉ።

«ወደዱት እኮ!» አላት ወንድሟ፣ ዓይኑ በርቶ። «ዝም በይ፣ እትዬ። በእግዜር ዝም በይ።»

«ማንን ነው የወደዱት?»

«ምን አስጨነቀሽ?»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» አለችና ተነሳች። «ይቅርታ፣ ፍጥነቱ ልክ አይደለም። አርባ አምስት ላይ ያድርጉት።»

«እመቤቴ፣ አስተያየት በወረቀት ነው» አሉ ሰብሳቢው።

«አስተያየት አይደለም። የዘፈንኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር፣ «ኧረ በሕግ! ሰውየው እርስዎ ነዎት?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያው የድሮው ሳቅ ነበር። ፊቷ ጋለ፤ በሩም ቅርብ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በልቧ፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ሰብሳቢው የፍጥነት መቀየሪያውን ወደ አርባ አምስት አዞሩና ሸክላውን እንደገና ለቀቁት።

አዲስ ሸራ ሲቀደድ የሚወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ቀጭን፣ ስለታም። አንዳንድ ቦታ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አይወድቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ። ሾፌሩ አንዴ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ተወው።

አዲስ ወረቀት ታደለ።

«"ሰውየው ይሻል ነበር። ይወገድ።"»

«"ጆሮዬን አመመኝ።"»

«"እናቴ የሞተች ዕለት አልወጣ ያለኝን ጩኸት ሴትየዋ አወጣችልኝ። ይቀመጥ።"»

ሲቆጠር ሰባት ለሰባት ሆነ። «ከግማሽ በላይ ነው ደንቡ» አሉ ሰብሳቢው መሬት መሬቱን እያዩ። «ይወገዳል።»

ወንድሟ ራሱን ያዘ። «አሥራ ሁለት እኮ ነበረን!»

«ይወገዳ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ያቺን የእናትየዋን ወረቀት ግን አንዴ ይድገሙልኝ።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙላት። «ሴትየዋ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት።