ማዕዘኑ ላይ ያረፈ ማህተም

«አንቺ ቁጭ ማለት የማትችይ ልጅ ነሽ፤ ይሄ ሥራ ደግሞ ቁጭ የሚል ሰው ነው የሚፈልገው» አለኝ አስተባባሪው፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ፊት ለፊት።

አልዋሸም። በዚያ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ መስኮት ልከፍት፣ አንዴ ልዘጋ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሳሁ ሳላውቅ። «እንግዲያው ወንበሩን ውሰደውና ቆሜ ልሥራ» አልኩት። ሌሎቹ አራት ተቀጣሪዎች አቀርቅረው ሳቁ። እሱ ግን ነገሬን የምር ወስዶ ስካነሩ ጋ አቆመኝ። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም። እሱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ፤ ከተቀመጥኩ ማለት ነው።

የሦስት ወር ኮንትራት ነበር፣ ሶዶ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ በተከራዩት ጠባብ ክፍል። ከየወረዳው የቤተሰብ ፎርም ይመጣል። የቤቱ ሰዎች ስም ከላይ ወደ ታች ተዘርዝሯል። በስተቀኝ፣ ዳር ላይ፣ ሁለት ዓምድ አለ፤ መጀመሪያ «መሥራት አይችልም»፣ ቀጥሎ «መሥራት ይችላል»። ከሁለቱ በአንዱ ኤክስ ይደረጋል። ይችላል የተባለው ተራራ ወጥቶ እርከን ይቆፍርና የእርዳታ እህሉን ይወስዳል። አይችልም የተባለው፣ አዛውንቱም፣ ሕመምተኛውም፣ አራሷም፣ ሳይቆፍሩ ይሰጣቸዋል። የሰውየው ዓመት በሙሉ በዚያች አንዲት ኤክስ ይወሰናል።

ፎርሞቹ እኛ ጋ ሲደርሱ ፎርም አይመስሉም። ከቢጠና በኩል የሚመጡት ስምንት ቦታ ታጥፈው ደረት ኪስ ውስጥ ላብ ሲጠጡ የከረሙ ናቸው። የሁምቦዎቹ ተጠቅልለው በቃጫ ይታሰራሉ፤ ቃጫውን ስፈታው ወረቀቱ እንደገና ራሱን ይጠቀልላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ጎበጥ ያለ ወረቀት ካየ ሰባቱን አንድ፣ ስምንቱን ሦስት አድርጎ ያነባል። ከታች ካለው የእንጨት ሥራ ቤት የመስኮት መስታወት ለምኜ አመጣሁና ወረቀቶቹን ከሥሩ ደርድሬ ብሎኬት ጫንኩበት። በማግስቱ ስካን አደርጋቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የማቃናት ሥራ ኮምፒውተሩ ይሠራል። በፎርሙ አራት ማዕዘን ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ካሬ ታትማለች። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ እነዚያን አራት ካሬዎች ይፈልጋል። ሲያገኛቸው፣ የታጠበ አንሶላ ለሁለት ይዘው እንደሚወጥሩ ሴቶች፣ ስካን የተደረገውን ሥዕል በአራት ጫፉ ይወጥረዋል። የተንጋደደው ይቃናል፤ ከዚያ ሳጥን በሳጥን ያነባል። አንዱን ጫፍ በስህተት ከያዘ ግን አንሶላው ወደዚያው ይሸሻል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ቆሜ ሳየው ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ወር ላይ የሁምቦ አንድ ቀበሌ ተራ ደረሰ። ሦስት መቶ ምናምን ፎርም። የተነበበውን ዝርዝር ወደ ታች ስገፋው ያየሁት አዛውንት ሁሉ «ይችላል» ይላል። አንድ አይችልም የለም።

«በዚህ ቀበሌ ሰው አያረጅም እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ያጠነክራል» አለ አስተባባሪው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰውዬ እርከን ይቆፍራሉ ነው የሚለው።»

«ኮምፒውተሩ ስህተት የለም ብሏል። አለቀ።»

እሱ ያልቅለት። እኔ ያንን ቀበሌ አውቀዋለሁ፤ አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከልጇ ጋር የምትኖረው እዚያ ነው። ወድቃ ዳሌዋን ከተጎዳች ጀምሮ ከቤት እስከ ጓሮ ለመድረስ ሁለቴ ታርፋለች። ስሟን ፈለግሁት። ከስሟ ፊት ሁለቱም ሳጥን ባዶ ነው፤ አይችልምም የለ፣ ይችላልም የለ። ለዘመድ አደላች እንዳልባል የቤታቸውን ትቼ የሌሎቹን ሥዕል አንድ በአንድ ከፈትኩ። በሁሉም ላይ፣ ታች በቀኝ በኩል፣ ጥቁሯ ካሬ ላይ የቀበሌው ክብ ማህተም አርፏል፤ ግማሹ ካሬዋ ላይ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ። አንድም ፎርም አላመለጠውም።

ኮምፒውተሩ ካሬዋን ሲያጣ የማህተሙን ወፍራም ጠርዝ ማዕዘን ነው ብሎ ይዞታል። ከውስጥ ይዞ ወደ ዳር ሲወጥረው ታች ያሉት መስመሮች ወደ ቀኝ ሸሽተዋል። ታች የሚጻፈው ደግሞ ማን ነው? አባወራው ፊት ይመዘገባል፣ ሚስት ትከተላለች፣ ልጆች ይቀጥላሉ፣ ከልጇ ጋር የምትኖር አሮጊት መጨረሻ ላይ ናት። አይችልም ላይ የነበረችው ኤክስ ተንሸራታ ይችላል ውስጥ ገብታለች።

ሥዕሉን ለአስተባባሪው አሳየሁት። አየው፤ ገባውም። ግን ዝርዝሩ አርብ ስድስት ሰዓት ይላካል፤ ያን ቀን ማክሰኞ ነው።

«አክስትሽ እዚያ ናት አይደል?» አለኝ፤ አንዴ አውርቼለት ነበር።

«ናት።»

«እንዲያ በይኛ፣ የዘመድ ጉዳይ ነው።»

«ቀበሌው በሙሉ ይስተካከል ነው ያልኩህ። የእሷን መጨረሻ ላይ እናየዋለን።»

ወንበሩ ላይ ዞረ፣ ተመልሶ ዞረ። «እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት። ካልደረሰ እንዳለ ይሄዳል።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ነጭ ወረቀት ቆርጬ ማህተሙ ላይ መለጠፍ ነበር። አንዱን ስለጥፍ ደረሰብኝ። «የመንግሥት ማህተም ላይ ወረቀት ትለጥፊያለሽ? ልትታሰሪ ነው ልታሳስሪኝ?» አለና በጥፍሩ ላጠው። ተናደድኩ፤ ግን ትክክል ነበር። ደረጃውን ወርጄ ወጣሁ፣ እንደገና ወረድኩ። ሁለተኛው ላይ ነው የመጣልኝ፤ ፎርሙን ለምን እነካለሁ? መስታወቱን ልንካ።

ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ጥቁር ናስትሮ ገዛሁ። ማህተሙን የሚሸፍን ነጭ ወረቀት ቆርጬ፣ የናስትሮ ካሬ ለጥፌበት፣ ስካነሩ መስታወት ላይ ማዕዘኑ በሚያርፍበት ቦታ አጣበቅሁት። እያንዳንዱን ፎርም ከጠርዙ ጋር አስጠግቼ ሳስቀምጠው ኮምፒውተሩ የሚያየው የእኔን ካሬ ይሆናል፤ ማህተሙ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም። መጀመሪያ ካሬዋን ወደ ላይ አድርጌ አጣበቅኋት። ስካነሩ ከታች ነው የሚያየው፤ የሰማይ ካሬ ምን ያደርግለታል? ገለበጥኳት። ከዚያ የፀጉር ያህል ወደ ግራ አለች፣ ቀጥሎ ወደ ላይ አለች። ሰባተኛው ላይ የአንድ አዛውንት ኤክስ ሳጥኗ ውስጥ ቀጥ ብላ ቁጭ አለች።

ሦስት መቶ ምናምኑን እንደገና ጀመርኩ። ክዳኑን አንሳ፣ አስጠጋ፣ ዝጋ፣ ጠብቅ፣ አንሳ። ረቡዕ ከሰዓት መብራት ሄደ፤ እስኪመጣ ድረስ ኮሪደሩን ተመላለስኩበት፤ ከጎናችን ያለው ልብስ ሰፊ ብቅ ብሎ «እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ወጣ። ዝርዝሩን ስንከፍተው ሽማግሌዎቹ አይችልም ውስጥ ተመልሰው ተደርድረዋል።

«አረጁልሽ» አለ አስተባባሪው። ሳቅን።

ከዚያ የአክስቴን ከፈትኩ። ወረቀቱ ቀጥ ብሏል፣ መስመሮቹ ቀጥ ብለዋል፣ ኤክሷ ሳጥኗ መሃል ናት፤ «መሥራት ይችላል» የሚለው መሃል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው እስኪደርስ ተጭነው ነው ያደረጓት። ቀድሞ ባዶ የሆነው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ የሌሎቹ ከአይችልም ወደ ይችላል ሲንሸራተቱ የእሷ ከዓምዱ ጭራሽ ወጥታ ነበር።

አስተባባሪው በትከሻዬ በኩል አይቷል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዲት ኤክስ ናት። እኔ ውሃ ልጠጣ ልውረድ። ስመለስ ምንም አላየሁም።»

ወረደ። እጄ ማውሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ አክስቴ ዶማ ይዛ ያንን ዳገት አትወጣም። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱ ያለውን ይበል ብዬ የተጨቃጨቅሁትም እኔው ነኝ። እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ።

«ነካሻት?» አለኝ ሲመለስ።

«አልነካኋትም። የማስተካከያ ቅጽ ስጠኝ። ነገ ጠዋት ሁምቦ ነኝ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ እልካለሁ። አንድ ደቂቃ አልጠብቅም።»

«ጠብቀኝ አልኩህ?»

አርብ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረድኩ። ከአስፋልቱ ወዲያ ጋሪ ጠብቄ ሲዘገይብኝ በእግሬ ቀጠልኩ። ማስተካከያው የባለጉዳይዋ አሻራና የቀበሌው ማህተም ስለሚያስፈልገው ቀድሜ ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ደውዬ ነበር፤ በዕድሜ የአባቴ እኩያ ናቸው። ማህተሙን በላስቲክ ጠቅልለው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መንገድ ላይ ጠበቁኝ። አብረን ስንሄድ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ካሬዋ ላይ ለምን መቱት?»

«ሥልጠና ላይ ምን አሉን? እነዚህ አራት ካሬዎች የፎርሙ ነፍስ ናቸው፣ በደንብ ጠብቋቸው አሉን። እኛ ዘንድ ወረቀት በምንድን ነው የሚጠበቀው? በማህተም ነዋ።»

«ታዲያ አራቱንም አይመቱም ነበር?»

«ቀለሙ ያልቃላ።»

አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስኳር ድንች ትልጣለች። እኔና እሷ የምናወራው በወላይትኛ ነው። ነገሩን ስነግራት መላጧን አላቆመችም።

«ኤክሱን ማን አስደረገው?» አልኳት።

«እኔ። ልጄ አትችልም ሊል ሲል አፉን ያዝኩት።»

«ዳሌሽስ?»

«ዳሌዬ የራሴ ነው፤ የቀበሌ አይደለም።»

«ዶማ ታነሻለሽ?»

«አነሳለሁ።»

«ካነሳሽው በኋላስ?»

በቢላዋ ጫፍ ተራራውን አሳየችኝ። «ያንን ዛፍ የተከልነው እኛ ነን። ድንጋይ ብቻ ነበር። ችግኙን በጀርባዬ ነው ያወጣሁት። አሁን አይችሉም ከተባሉት ጋር ተሰልፌ ስፈሩልኝ ልበል?» የላጠችውን ድስቱ ውስጥ ጣለችና፣ «መሃል የለውም?»

«ምኑ?»

«ወረቀቱ። ይችላል አለው፣ አይችልም አለው። መሃል የለውም?»

«የለውም።»

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ እንጃ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም። «ቁጭ በይ» አለችኝ።

«ሰዓት የለኝም፣ አክስቴ።»

«ቆመሽ ሰው ታስፈርሚያለሽ? ቁጭ ካላልሽ ጣቴን አልሰጥሽም።»

የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ስኳር ድንቹ ተጣደ። ስልኬን ላለማየት እጆቼን ጉልበቶቼ መሃል አስገባሁ። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ፤ መለስኩ። እግሬ መሬቱን ሲመታ አየችና በእጇ ጉልበቴን ተጭና ያዘችው። በስሎ ወረደ፤ በሚያቃጥል ዳጣ በላን። እኔ ሁለት በላሁ፣ ሥራ አስኪያጁ አራት። አክስቴ አንዱን እንኳ አልጨረሰችም። ጣቷን በቀሚሷ ጠራረገች።

«የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ፣ በግራ በኩል። ኤክሱን እኔ አደርገዋለሁ፣ አንቺ ከሥሩ አሻራሽን።»

«ቀጭን አድርጊው» አለች።

ቀጭን አደረግሁት። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ነክራ ወረቀቱ ላይ ጫነች፤ ፊቷ ወደ ጓሮው ዞሯል። ሥራ አስኪያጁ ማህተሙን ከላስቲኩ አወጡና አየር ላይ ይዘው ቆሙ።

«እኔስ አሁን የት ልምታው? ግንባሬ ላይ?»

«እዚህ ጋሼ፣ መሃል፣ ከመስመሩ በታች።»

መቱትና እፍ አሉበት። አራት ሰዓት ሆኗል። አክስቴ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የነበረውን ዶማ ይዛ፣ እጀታውን እየተመረኮዘች ወደ እንሰቱ ሄደች፤ አንዴ አረፈች፣ ቀጠለች፣ ደግማ አረፈች።

«ሂጂ፣ ረፍዶብሻል» አለችኝ ሳትዞር።

ወረቀቱን ሳላጥፍ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኩትና ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።