ሚሳይሉን ማን ሸጠው?

አጎቴ ስለ ጦርነት በጋዜጣ የጻፍኩትን ባነበቡ ቁጥር፣ በስደት ከሚኖሩበት ሰፈር ከቶርንክሊፍ ፓርክ ይደውሉልኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ የሞተውን ቆጥረሻል። ሚሳይሉን ማን ሸጠው? ወይስ እንደ መና ከሰማይ ወረደ?»

በወጣትነታቸው የአየር ኃይል የራዳር ቴክኒሻን ነበሩ፤ ያሠለጠኗቸው አሜሪካኖች ናቸው። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት አብራሪ ጓደኛቸው በሶቪየት ሚሳይል ተመቶ ሞተ። ብዙ ሳይቆይ ሶቪየቶች ወዳጅ ተብለው መጡና አጎቴን በራሳቸው ራዳር ያስተምሩ ጀመር። «እጃቸውን ጨበጥኩ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ወር በሚሳይል ስለተመታ ገበያ ስጽፍ የሚሳይሉን ሻጭ አረጋግጬ ነበር። አዘጋጁ «ቦታ የለም» ብሎ መስመሩን ሲሰርዘው ሳልከራከር ተውኩት። አጎቴ ታመው ከተኙበት ሆስፒታል ደወሉ።

«ሻጩስ?»

«ጽፌው ነበር ጋሼ፤ ቆረጡት።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ሚሳይል በሚሸጡት ኃያላንም በአዘጋጁም ተናድጃለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል። ትናንት ስለዚያው ገበያ አዲስ ጽሑፍ ጽፌ፣ የሻጩን ስም የመጀመሪያው መስመር ላይ አስገብቼ ላክሁ። አዘጋጁ አሁንም ቦታ የለም አለኝ።

«እንግዲያው የእኔንም ስም ሰርዘው» አልኩት።

ጽሑፉ ዛሬ ጠዋት ከነሻጩ ወጣ። ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። የደወለልኝ የለም።