ከቤታችን ወለል ሥር

ይህ ታሪክ ለመነገር የሚበቃ ነው ወይ? ጀምሬ ሰርዤዋለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ጠብ የለበትም፤ ማንም በዓይኑ ስላላየው አንድ ጋዝ የሚያወራ ነው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ መምህራችን ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ጣሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይህችን የሚያውቅ አለ?» ሲል፣ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና ለመመለስ ቸኩዬ እጄን አወጣሁ። ከዚያም ለክፍሉ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምት ሲገባ ነው። ቤታችን ከአሶሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሰፋሪዎች መንደር ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጀርባው ተዳፋቱ ውስጥ ገብቷል፣ የሲሚንቶ ወለሉም ተሰነጣጥቋል። እኔና ታናሽ እህቴ የምንተኛው በኋለኛው ክፍል ነበር። ዝናብ ሲጀምር አባ ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል። ክፍሉ እርጥብ አፈርና የበሰለ ማንጎ ይሸታል።

አንድ ቀን ሰላማዊት የምትባል ተመራማሪ በባጃጅ መጣች።

«ራዶን የሚባል ጋዝ አለ» አለች። «ከመሬት ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤት ውስጥ ከታፈነ በብዙ ዓመት ሳንባን ይጎዳል። ይህችን ጣሳ ልጆቹ በሚተኙበት ልስቀልና ከሦስት ወር በኋላ ልውሰዳት።»

«በስንት?» አለ አባ።

«በነፃ ነው።»

የአባ ፊት የጠቆረው ያኔ ነው። ጣሳዋን ሰቅላ እንደሄደች «እኛን በልጅነታችን በሰፈራ ከወሎ ሲያመጡንም እንዲህ በትሕትና ነበር፤ በነፃ» አለ።

ጎረቤታችን አብደላ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲያጥብ የኖረ፣ አማርኛው ወንድና ሴት የማይለይ። አጥሩን ተደግፎ፣ አባን በእኔ ስም እየጠራ ሳቀ። «አባ ሰዓዳ፣ አንተ ሞኝ ነህ? ሴትዮ ጋዝ ይላል። መሬት ውስጥ ምን አለ? ወርቅ! እሱ ወርቅ ካገኘ፣ አንተ ወደ ወሎ!»

በማግሥቱ ጣሳዋ ግድግዳው ላይ አልነበረችም። ደጃችን ባለው የማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች። «እዚያ ሆና ወለሉን አታይም» አለኝ አባ።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ቦታዋ መለሳት፤ ሰላማዊትም መጥታ ወሰደቻት። ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ደስ ያላት አትመስልም ነበር።

«ቤታችሁ ንጹሕ ነው። እንዲያውም የሜዳ አየር ይመስላል። የጎረቤቶቻችሁ ግን እንዲህ አይደለም።» ስንጥቁን አየች፤ ከዚያም አባን። አባም እሷን አየ። ማን ማንን የበለጠ እንደጠረጠረ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እንግዲህ ይህንኑ ብዬ ልሂድ? ልጆቹም በዚሁ ይተኙ?» አለች።

አባ እህቴን አየ፤ መሬቱን አየ።

«ማንጎው ላይ ነበረች» አለ በመጨረሻ።

ሌላ ጣሳ ተሰቀለች፤ በዚህ ጊዜ ማንም አልነካትም። ጋዙ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ጨርቁን ነቅሎ መስኮት መክፈት፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን፣ ከወለሉ ሥር ተነሥቶ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ ቱቦ መትከል ያስፈልግ ነበር። ለቱቦው ደግሞ ወለሉ መቆፈር አለበት።

«ይኸው፣ ቁፋሮው መጣ!» አባ በሩ ላይ ቆሞ ሰላማዊት ያመጣቻቸውን ሠራተኞች አላስገባም አለ።

አብደላ የወርቅ ማጠቢያ ገበታውንና አንድ ባልዲ ውሃ ይዞ መጣ። «እሱ ይቆፍር። አፈሩ ለእኔ» አለ። አባ እሱን ብቻ አስገባው፤ አብደላም ከስንጥቁ ሥር ጭሮ ያወጣውን አፈር ደጅ እፍኝ በእፍኝ ገበታው ላይ እያደረገ፣ ውሃ እያፈሰሰ አሽከረከረው። ሠራተኞቹ ሥራ ፈተው ቆሙ። ሰላማዊት እንኳ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር። ጭቃው ታጥቦ ሄደና ጥቁር አሸዋ ብቻ ቀረ።

«ምንም የለም» አለ አብደላ። «አባ ሰዓዳ፣ አንተ ድሃ ነህ። ተኛ!»

ሁሉም ሳቀ። አባ ግን አልሳቀም። «ድገመው» አለ። አብደላ እያጉረመረመ ደገመው። አባ ከበሩ ዞር ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ስጨርስ የክፍል ጓደኞቼ ሳቁ፤ አንዱም «አለመማር ክፉ ነው» አለ። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። አባ ስለ ጋዝ ባያውቅም በፈገግታ መጥቶ ከቀዬ የሚነቅል ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል። እኔም ነገ ጣሳ ይዤ ሰው ደጅ ብቆም፣ ስለ ጋዙ ከማስረዳቴ በፊት ባለቤቱ ምን እንዳይወሰድበት እንደሚፈራ እጠይቃለሁ።

ሰላማዊት ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው ጋዙ መቀነሱን ልትነግረን ነበር። አባ ስለ ጋዙ ምንም አልጠየቃትም።

«እና እዚሁ ነን?» አላት።

«እዚሁ ናችሁ፣ አባባ።»

ዕለቱ የአረፋ ማግሥት ነበር፤ አባ «እንግዲያ የበዓሉን ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም» ብሎ አስቀመጣት።