ዕድሜ አልጨምርበትም

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በድንገተኛ ሕመም ሲያርፉ የግቢያቸው የድንጋይ ካብ በአንድ ጎኑ አልተዘጋም ነበር። ካቡን በደቦ ሲሠሩላቸው የነበሩት የሟች ባላቸው ዘመዶች፣ እሳቸው ሰቆጣ ችሎት ቀርበው ከመሰከሩ በኋላ ድንጋዩን እንደተበተነ ትተውት ሄዱ። "ይቅርታ ጠይቂና እንጨርስልሽ" ብለው ላኩባቸው። አልጠየቁም።

የጋዝጊብላ ወረዳ ሰው ነበሩ። አንድ ልጃቸውን ትንሣኤን አብሮ አደጉ ደጅይጥኑ፣ ሁለቱ ልጆች ከገበያ ሲመለሱ ተጣልተው፣ በቢላዋ ወግቶ ገደለው። መግደሉን ደጅይጥኑ ራሱ አምኗል። ክርክሩ ዕድሜው ላይ ነበር። ያን ዕለት አሥራ አምስት ዓመት ከሞላው ለረጅም ዘመን ወህኒ ይወርዳል፤ ካልሞላው መደበኛ ቅጣት አይጣልበትም፣ የሚላከው ወደ ወጣት ጥፋተኞች ጠባይ ማረሚያ ነው። የልደት ማስረጃ የለውም። ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል። ሐኪሙ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ብሎ ገመተ። እናቱ እፀገነት "አሥራ አራት ነው" ብትል ማን ያምናታል?

ዐቃቤ ሕጉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበትን በምስክርነት ቆጠራቸው። የባላቸው ወንድም ምንይሉ "አሥራ ስድስት በይ፤ ሌላ አትናገሪ" ብሎ አስጠንቅቋቸዋል።

የዚያ ችሎት መዝገብ ያዥ እኔ ነኝ። ቃላቸውን የሰጡት በአገራቸው የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው።

"ሁለቱ ልጆች ክርስትና የተነሡት በአንድ ጠዋት ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ ነው የሚነሣው። እንግዲህ የተወለዱትም በአንድ ቀን ነው። ልጄ ሲሞት አሥራ አራት ነበር።"

አስተርጓሚው "አሥራ አራት ይመስለኛል ይላሉ" ሲል በአማርኛ ጮኹበት።

"ይመስለኛል አላልኩም! ያማጥኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ችሎቱ ሳቀ።

"እናቴ፣ ቁመቱን አላዩትም?" አለ ዐቃቤ ሕጉ። "ጎረምሳ እኮ ነው።"

"አየሁት። የእኔንም ልጅ ቢተዉልኝ ዛሬ ይህን ያህል ነበር።"

ዳኛው "ይቅር ብለውታል ማለት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ማን አለ? ሕጉ የፈቀደላችሁን ያህል ያዙት፤ አንዲት ቀን እንዳትቀንሱለት። እሱ ላይ ዓመት ከጨመርኩ ግን የእኔም ላይ መጨመሬ ነው። የተገደለብኝ ልጅ ነው። ጎረምሳ ነበር አልልም።"

ደጅይጥኑ ወደ ማረሚያው ተላከ። ከችሎት ሲወጡ በር ላይ ምንይሉ "የወንድሜን ልጅ ደመ ከልብ አደረግሽው!" ብሎ ጮኸባቸው።

"አንተ ክርስትናው ላይ ጠላ ጠጥተህ ተዘርረህ አልነበር? ዕድሜውን ከየት አመጣኸው?" አሉት።

ሽማግሌዎች ከእፀገነት ጋር ሊያስታርቋቸው ሦስቴ መጥተው ሦስቴም ተመልሰዋል። ለቅሶ ስደርስ ግን "ይቅር ባይ ነበሩ" ሲባል ሰማሁ። ትክክል አይደለም። ይቅር አላሉም፤ እውነቱን ግን ተናገሩ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው እሳቸውን አላወቃቸውም።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ዓርብ ገብስ ተሸክመው ወፍጮ ቤት ወረዱ። እፀገነት ቀድማ ተሰልፋ ነበር።

"ወለቴ፣ በእኔ ተራ ግቢ።"

"በራሴ ተራ እገባለሁ።"

ተፈጭቶ ሲያበቃ ልታሸክማቸው ጠጋ አለች።

"የመሰከርኩት ላንቺ ብዬ አይደለም። እጅሽን አንሺ" አሏት።

ጆንያውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ራሳቸው ጀርባቸው ላይ አወጡት። አቀበቱን ጨርሰው ቤት ገቡ፤ ዱቄቱንም ቋቱ ውስጥ ገለበጡት።