የነጅሙዲን ኮምፒዩተርና የሁዳዴ አይብ

በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሊምፒክ መንገድ ወዲህ ያላችሁ ሁሉ፣ ፓርክ የምታደርጉበት አጥታችሁ የምትዞሩም ጭምር፣ ስሙ። በፈረንጆቹ 1989 ዓ.ም.፣ ከደሴ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ነጅሙዲን፣ የበርበሬና የሽሮ ቸርቻሪ፣ ቁመቱ ከራሱ መደርደሪያ የማይበልጥ፣ የዘመናዊ ንግድ ጌታ መሆኑ ታወጀ። ያወጀውም ራሱ ነው።

ምክንያቱ ከግሌንዴል የመጣ ሻጭ «ተፎካካሪህን ትቀድማለህ» ብሎ ያስታቀፈው ኮምፒዩተር ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ከባሕር የሚመጣው ጉም መንገዱን ሳይለቅ፣ ነጅሙዲን ማሽኑ ፊት ይቀመጣል። አረንጓዴዎቹ ቁጥሮች ጥቁሩ መስተዋት ላይ ሲንሳፈፉ ዓይኑ ይከብዳል። መኪኖች ድምፅ ሳያሰሙ መጥተው በሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ ማዶ ያለው የተፎካካሪው የአድማሱ ሱቅ ጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟል። እንዲህ ያለውን ሕልም ድሮ ነቢያት ነበሩ የሚያዩት፤ አሁን በወር ክፍያ ይገኛል።

ለሕልሙ ሰበብ ነበረው። እትዬ ምንትዋብ እዚያው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው፤ ዕቃ የሚወስዱትም ከአንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ ወይ ከነጅሙዲን ወይ ከአድማሱ። እሳቸውን ያጣ ሱቅ ዓመት አይሞላም።

የካቲት መጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት፣ ኮምፒዩተሩ የሳምንቱን ሽያጭ አይቶ ፈረደ፦ አይብ እጥፍ ይሁን፤ ሱፍና ተልባ ይቅር።

አይቡን የምትሠራው ሚስቱ ሳብሪያ «ይሄ ሳምንት እኮ ቅበላ ነው» አለችው። «ክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ሊይዙ ነው የተሻሙት። ከነገ ጀምሮ ማን ይበላልሃል?»

«ኮምፒዩተሩ ትሬንድ ነው ያየው፣ የገበያውን አዝማሚያ።»

«ትሬንዱ ይብላው እንግዲህ።»

ይህ ሰው ሙስሊም ሆኖ ሳለ የደንበኞቹን ጾም ከቄሳቸው ቀድሞ የሚያስታውስ ነበር። ደሴ ገበያ ያደገ፣ የጎረቤቱን ጾም ካላወቀ ነጋዴ አይባልም። ያን ዕውቀት ግን ማሽኑ አልጠየቀውም፤ እሱም አልነገረውም።

ሰኞ እትዬ ምንትዋብ መጥተው ፍሪጁን ከፈቱ። አይቡ እንደ ተኛ ደመና ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል።

«ሱፍ አለህ?»

«አላስመጣሁም፣ እትዬ።»

«ነጅሙ፣ አምና ጾም መግባቱን ያስታወስከኝ አንተ ነበርክ። ምን ነካህ?»

«ሶ፣ ኮምፒዩተሩ…»

«እሱም ይጾማል እንዴ?»

ተሻግረው አድማሱ ጋ ገቡ። ሲወጡ እየሳቁ ነበር። እዚያም አይብ ተከምሯል፤ ጾመኛው አድማሱ ከዚያው ሻጭ ያንኑ ማሽን ገዝቶ ኖሯል። መሐል መንገድ ላይ ቆም አሉና ለሁለቱም እንዲሰማ «እስከ ሐሙስ ሱፍና ተልባ ላመጣልኝ ነው የምግብ ቤቱን ዕቃ ማቅረብ የምሰጠው» ብለው ሄዱ።

ነጅሙዲን ማሽኑን አላጠፋውም፤ ጀርባውን ሰጥቶት ስልክ አነሳ። ኖርዝ ሆሊውድ ያለችው የአገሩ ልጅ ፋጡ በየሁዳዴው ለክርስቲያን ጎረቤቶቿ ሱፍና ተልባ እንደምታስመጣ ከየትም ሳያነብ ያውቃል። ድራይቭ አድርጎ ሄዶ አመጣ። ሐሙስ እትዬ ምንትዋብ ሱፉን በመዳፋቸው አፍሰው አዩና «ኦኬ» ብለው የምግብ ቤቱን የዕቃ ዝርዝር ሰጡት።

እንግዲህ አንተ፣ ነገ የኮምፒዩተር ውል ልትፈርም ብዕር ያነሳህ ባለሱቅ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ከደንበኞችህ የአንዷን ብቻ ጾም፣ ከነመግቢያ ቀኑ፣ ጽፈህ ላክልኝ። ካቃተህ ደግሞ ብዕሩን አስቀምጥና መጀመሪያ ደንበኛህን ጠይቃት።